ጎማ የዋጠች ልጅ ክኒን አያቅታትም ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሐይቅ ማዶ የጤና መድን ድርጅት፣ የመድኃኒት ቅድመ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይም የጉሮሮዎ ደኅንነት እንደተጠበቀ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። በስምዎ ብጠራዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤዎችዎ ሁሉ «ክፍሉ» በሚል ፊርማ ስለሚመጡ፣ ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ልጅ ያሳድጉ አያሳድጉ ሳላውቅ ነው የምጽፍልዎ። እኔ ሎርና ቪከሪ እባላለሁ፤ ማንስፊልድ፣ ኦሃዮ፣ በአንድ የበር ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ ፖዚ ስድስት ዓመቷ ነው። አቤቱታዬን በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በስልክ ስሞክር የሚያገኘኝ የማስጠበቂያ ሙዚቃዎ ብቻ ሆኖ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። ፖዚ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ሐኪሟ ዶክተር አንሰል ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር እንዳለባት ነግረውኝ፣ ክኒን መዋጥ ስለማትችል ሙዝ ሙዝ የሚል ፈሳሽ መድኃኒት ባለፈው መከር አዘዙላት። እናቴ ስትሰማ «ለዚህች ጭብጥ ለማትሞላ ልጅ? አበድሽ እንዴ ሎርና! ግቢ ልቀቂያትና ትሩጥ፤ አንቺስ እንደሷ አልነበርሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ጠርሙሱን ነቅንቄ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለክቼ ጉንጯ ውስጥ ስጨምርላት፣ ልጄን የምመርዛት መስሎኝ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ፖዚ አንድ የተረት መጽሐፍ ሳነብላት ስታዳምጠኝ አመሸችና «ማሚ፣ ለካ መጨረሻ አለው!» አለችኝ። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

አዲስ ዓመት ሲገባ ፋብሪካችን የሠራተኞቹን የጤና መድን ወደ እርስዎ ድርጅት አዛወረ። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. የፈሳሹን ዋጋ ለመሸፈን ከመፍቀድዎ በፊት ልጄ ክኒኑን ሞክራ አለመቻሏን እንድታስመሰክር ስለደነገጉ አመሰግናለሁ። ሞከርን። አነቃት፤ አስመለሳት። ሽፋኑን ከፍቼ ውስጡን በተፈጨ ፖም ብበትንላት «አሸዋ አለበት!» ብላ ግድግዳው ላይ ተፋችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፖም ስታይ ጠረጴዛ ሥር ትደበቃለች። ዶክተር አንሰል ይህንኑ ጻፉልዎ። እርስዎም ሙከራው በቂ አይደለም ሲሉ በትሕትና መለሱላቸው፤ እኔም ይግባኝ አልኩ።

፪ኛ. በመዝገብ አያያዝዎ የተደነቅሁትን ያህል በምንም ተደንቄ አላውቅም። መድኃኒቱ ካለቀባትና ከኪሴ መግዛት ካቃተኝ በኋላ ፖዚ በአንድ እጇ ቁርስ እየበላች፣ በሌላው የመጫወቻ መኪናዋን እየፈታታች፣ እየዘፈነችም የመኪናውን ጎማ ዋጠች። ድንገተኛ ክፍል ሮጥን፤ ራጅ ተነሣች፤ ጎማውም በራሱ ጊዜና በራሱ መንገድ ወጣ። የሕክምናውን ወጪ ያለ አንዳች ክርክር ስለሸፈኑ እጅ ነሣሁ። ወዲያው የደረሰኝ የይግባኜ ውሳኔ ግን «የአባሏ መዝገብ ጠጣር ነገር የመዋጥ ችሎታ እንዳላት ስለሚያሳይ ፈሳሽ መድኃኒት አያስፈልጋትም» ይላል። ስልክ ያነሣልኝ ሠራተኛዎ እንኳ አንብቦ ሲጨርስ፣ «እመቤቴ፣ እኔ እዚህ የተጻፈውን ነው የማነብልሽ፤ እግዜር ያውቃል ልጅ አለኝ» አለኝ። እባክዎ አይቅጡት።

፫ኛ. ውሳኔውን ያጸደቁት ሐኪምዎ የጉልበት ቀዶ ጥገና ባለሙያ መሆናቸውን ዶክተር አንሰል አረጋግጠውልኛል። የፖዚ ጉልበት ፍጹም ጤነኛ ነው፤ በዚህስ ከእርሳቸው ጋር አንድ ነን።

አራተኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ሰኞ ፖዚ የዱር ዝይ አይታ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወደ መኪና መንገድ በረረች። ሕፃናት የሚያሻግሩት አዛውንት ሚስተር ዴዊት የጃኬቷን ቆብ ይዘው ባያስቀሯት ኖሮ፣ ይህ ጽሑፍ በጋዜጣው ሌላ ገጽ ላይ በወጣ ነበር። ርዕሰ መምህሯ አስጠርተውኝ «ሎርና፣ ልጅሽን እንወዳታለን። ግን በሕይወት መጠበቅ ካልቻልን ምን እናድርግ?» አሉኝ። መድኃኒቷን እስክትጀምር ድረስ ከምሳ በኋላ ክፍል አትገባም። እኔም ከምሳ በኋላ ሥራ አልገባም፤ አለቃዬ እስከ መቼ እንደሚታገሠኝ አላውቅም። ሥራዬ ሲቀር ደግሞ የእርስዎ መድንም አብሮ እንደሚቀር ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ፖዚ ጫማዋን አድርጋ ወንበር ላይ ወጣችና «ማሚ፣ የጫማዬን ክር ከወንበሩ እግር ጋር እሰሪልኝ። ከዚያ ቁጭ እላለሁ፤ አስተማሪዬ ሚስ ሃርሎም ትወደኛለች» አለችኝ። ጨክኜ አላሰርኳትም፤ አቅፌያት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ክፉ ልጅ ነኝ ብላ ማመን ጀምራለች፤ ካመነችው በኋላ የትኛው መድኃኒት እንደሚያወጣላት አላውቅም። ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በላይ መቀለድ አልችልም። እየለመንኩዎ ነው። የምለምነው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ነው።

ጊዜዎን በመሻማቴ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ውሳኔዎን ከስልኩ አጠገብ ሳልነቃነቅ የምጠብቅ፣ የእርስዎ ታዛዥና የመዋጥ ችሎታዋ በየቀኑ የሚፈተን አባል፣

ሎርና ቪከሪ
የፖዚ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሕፃናት ይበልጥ እንዲንቀሳቀሱ የሚያበረታታው ሌላው ክፍልዎ ለፖዚ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት በስሟ ልኮላት ትናንት ደረሰን። ዛሬ ከቁርስ በፊት የቀኑን ግብ አለፈችና ሰዓቱ «ጎበዝ ፖዚ! እንኮራብሻለን!» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዘንድሮ ከቤታችን ውጭ ጎበዝ ያላት የለምና ደጋግሜ እንዳነብላት አደረገችኝ። «ማነው እሱ?» ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒትሽን የከለከለሽ ነው ማለት አቅቶኝ፣ የማያውቅሽ ሰው ነው አልኳት።