በዝርዝሩ ላይ አምስተኛ ስም

ማክሰኞ

ራውተሩን ከሦስት ቦታ ለቀምሁት። አንዱ ስባሪ ሶፋው ሥር ነበር፣ አንዱ በረንዳ ላይ። አንቴናው መጋረጃው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። የማኅሌትን ቅንድብ የቀደደው እሱ ነው። ሐኪሙ አራት ቦታ ሰፋት።

ልጄ ማኅሌት ከባሏ ቤት ወደ እኛ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። የመጣችው ክንዷ ተሰብሮ ነው። ትናንት ከሰዓት ባሏ ጌትነት በሩን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ላናግራት ብቻ ነው» አለኝ። ከፍቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሯ ላይ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር እያወራች አገኛት። «ከማን ጋር ነው የምታወሪ?» ሲል ሰማሁ። ከጓሮ እስክደርስ ራውተሩን ከነገመዱ ነቅሎ ፊቷን መትቶበታል። ከዚያ ግድግዳው ላይ አደቀቀው። ገፍትሮኝ ወጣ።

ጣቢያ ሄደን አመለከትን። ከከተማው ውጭ፣ ከመሸንቲ በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር፤ ፖሊሱ አንድ ጆሮው ወደዚያ ነው። «ሲመጣ ደውሉ» አለን።

ረቡዕ

አዲስ ራውተር ገዛሁ። ከተማው ውስጥ የስልክ ዳታ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ኢንተርኔት ያለው መስመር የገባለት ቤት ብቻ ነው። ማኅሌት ክንዷ እስኪጠግን ከቤት ሆና የኮሌጁን የተማሪ ውጤት ታስገባለች። ሥራውን ካጣች በእጇ የሚቀር ነገር የለም። ጌትነትም የሚፈልገው እንድታጣው ነው።

አዲሱ ራውተር አራት መብራት አለው። የኃይሉ በራ፣ የዋይፋዩ በራ፣ የመስመሩ በራ። የኢንተርኔቱ ቀይ።

ያደረግሁት፦
ሶኬት ቀየርሁ።
ገመዱን ከምሰሶው ጀምሮ በጣቴ ተከተልሁት። የተበጠሰ የለም።
ጫፉን ቆርጬ አዲስ አሰርሁለት።
አጥፍቼ አበራሁ። ስድስት ጊዜ።

ቀይ።

ሃያ ስድስት ዓመት በፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። የማውቀው የተበላሸውን ቦታ መፈለግ ነው። እዚህ የተበላሸ ነገር የለም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ማኅሌት ከወንበሯ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሁለታችንም አፈርን።

ኋላ «አባዬ፣ ሽቦውን ተወው» አለችኝ። «የማን መስመር እንደሆን ስላልነገርነው ነው።» ውል ስንገባ የተሰጠን ስምና ፓስወርድ አለ፤ አሮጌው ሆዱ ውስጥ ይዞት ነበር፤ አዲሱ ባዶ ነው። አበባ፣ ባለቤቴ፣ የውሉን ወረቀት ከሻንጣ አወጣች። ማኅሌት በአንድ እጇ ጻፈችው። በሦስተኛው ሙከራ አረንጓዴ በራ። አበባ እልል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ጎረቤት ይሰማል።

ሐሙስ

ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ስልኮቹ እንቢ አሉ። የአበባ ስልክ የድሮውን ዋይፋይ እየፈለገ ይዞራል፤ እሱን አጥፍተን አዲሱን አስገባን። የእኔ አሮጌ ስልክ ጭራሽ አያየውም። ራውተሩ በሁለት ዓይነት ሞገድ ያሰራጫል አለች ማኅሌት፣ አሮጌ ስልክ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው፣ እሱ ተዘግቷል። ከፈተችው። ገባ።

ስሙንም ፓስወርዱንም ቀየረች። ጌትነት የድሮውን ያውቀዋል። አዲሱ አሥራ ስድስት ፊደልና ቁጥር ነው።

«ለማንም» አለችኝ።

«ለማንም» አልኋት።

ከሰዓት ጌትነት አበባ ስልክ ላይ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችን። «ዓይኗን እንዳላጠፋ ተጠንቅቄ ነው የመታኋት፣ እትዬ። ንገሯት። ሌላ ጊዜ አልጠነቀቅም።» ቀስ ብሎ ነው የሚያወራ፣ ገበያ ዕቃ እንደሚያዝ ሰው።

እሑድ

ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው አያ ወርቁ ናቸው። ጋብቻውን የያዙት እርሳቸው ነበሩ። እርቁንም ሁለት ጊዜ የያዙት እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ጥርሷ ወልቆ ነበር። በሁለተኛው አንድ ጆሮዋ ደም ይፈሰው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «በቃ፣ ሂጂ» ያልኋት እኔ ነኝ።

ዛሬ «አትሄድም» አልኋቸው።

«ይልማ፣ እኛ ቆመን ነው የምንለምንህ።»

«ይቀመጡ አያ ወርቁ። አትሄድም።»

 ሽማግሌ እንቢ ብዬ አላውቅም። ሲወጡ አያ ወርቁ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «እስቲ ይችን ነገር አስገባልኝ። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ የልጇን ፎቶ ልካልኝ እንደሁ ልይ።» አሁን በዚህ ከተማ ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከውሃ በፊት የሚጠይቀው ዋይፋይ ነው። ትልቁን ከልክያቸው ትንሹን መከልከል አልቻልሁም። የፓስወርዱ ፊደል በዛባቸው። ወረቀት ላይ ጻፍሁላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ለማኅሌት አልነገርኋትም።

ሰኞ

ማኅሌት የራውተሩን ገጽ ከፍታ ነበር፤ ቤት ውስጥ የተገናኘውን ሁሉ ይዘረዝራል። የእኔ ስልክ። የአበባ። የእሷ ስልክ። የእሷ ኮምፒውተር። አምስተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጌትነት ስልኩን በራሱ ስም ነው የጠራው።

ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር። መጋረጃውን ዘጋን።

«ማን ሰጠው?»

ነገርኋት። አልጮኸችም። «አባዬ» ብቻ አለች።

በአሥራ አንድ ተኩል ስሙ ጠፋ። ስልኬን ይዤ ቤቱን ዞርሁ። በፊት በር በኩል ከግንቡ ውጭ ሞገዱ ይሞታል። በጓሮ ግን የእንጨት አጥሩን አልፎ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ላይ እስከበቀለው ደንገል ይደርሳል፤ ሃያ እርምጃ። ደንገሉ አጠገብ ሣሩ ተኝቷል። የሲጋራ ቁራጭ ቆጠርሁ፣ ሰባት።

አያ ወርቁ ቤት ሄድሁ።

«ሰጥተውታል?»

«ሰጠሁት እንጂ! ባል በሚስቱ ቤት ዋይፋይ ቢጠቀም ምን ነውር አለው? እርቅ በትንሽ ነገር ይጀመራል ብዬ ነው።»

«ቅንድቧን አላዩም?»

«አየሁ። አዝኛለሁ። የልጅነት ንዴት ነው፣ ይበርዳል።»

ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ስመለስ ከዋይፋዩ ላስወጣው ተነሳሁ፤ ፓስወርዱን መቀየር ብቻ ነው። ማኅሌት እጄን ያዘችኝ። «ተወው። ካስወጣነው ሌላ ቦታ ይቆማል። አሁን መቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ።» አበባ «ቤት ውስጥ እባብ እያዩ እንደመተኛት ነው» አለች። «አዎ፣ እያዩ» አለች ማኅሌት።

ማክሰኞ

ዛሬም መጣ። ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ከሩብ። ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፍሁና ጣቢያ ሄድሁ። ፖሊሱ ደብተሩን ገለበጠው።

«ማን አየው?»

«ዝርዝሩ ላይ አለ።»

«አባት፣ ሰው ይዘው ይምጡ እንጂ ዋይፋይ ይዘው ይመጣሉ?» አጠገቡ ያለው ሳቀ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

ረቡዕ

በግራ እጄ ነው የምጽፍ።

ማኅሌትና አበባ ስፌቱን ለማስፈታት ክሊኒክ ሄደው ነበር። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ስሙ መጣ። ለማኅሌት ደወልሁላት። ባጃጅ ውስጥ ናቸው፣ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ቀርቷቸዋል።

«አትምጡ። አክስትሽ ቤት ውረዱ።»

«እዚያው ነው?»

«እዚያው ነው።»

ባጃጁን ስታስመልስ ሰማሁ። ጣቢያ ደወልሁ። መኪና የለም፣ ሲመለስ እንልካለን አሉ።

በሩን ቆልፌ መቀመጥ እችል ነበር። እሷ ደህና ናት። አልተቀመጥሁም። ጓሮ የወደቀ የውሃ ቧንቧ ብረት ነበር፣ አነሳሁት። በሐይቁ መንገድ ዞሬ ከኋላው መጣሁ።

ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በእኛ ዋይፋይ ቪዲዮ እያየ ይስቃል። አንድ ካራ ጉልበቱ አጠገብ ጭቃው ላይ ተሰክቷል። ጥላዬን ሲያይ ዞረ።

«ጋሼ» አለና ለታላቅ እንደሚነሱት ብድግ አለልኝ። ከተነሳ በኋላ ካራውን ነቀለ።

እጁን መታሁት፣ አልለቀቀም። ቀኝ ክንዴን ከክርኔ በታች ሰነጠቀኝ። ሁለተኛውን የእጁ አንጓ ላይ አሳረፍሁት፤ አጥንቱ ሲሰበር በብረቱ በኩል ተሰማኝ። ካራው ወደቀ። ሦስተኛውን ትከሻው ላይ። ተዘረረ። አራተኛው አያስፈልግም ነበር። ጉልበቱን መታሁት። አምስተኛውን ላነሳ ስል መረብ የሚያወጡ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ብረቱን ነጠቁኝ።

«ዋይፋይ ፈልጌ ነው የመጣሁ!» ይጮሃል። «ሰው ለዋይፋይ ይገደላል እንዴ?»

አንደኛው ዓሣ አጥማጅ ካራውን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ያንተ ዋይፋይ በካራ ነው የሚከፈት?»

በመረብ ገመድ አሰሩት። ፖሊስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጣ። ሁለታችንንም ወሰዱን። እኔን አሰፍተው ለቀቁኝ፤ በእኔም ላይ መዝገብ ተከፍቷል። ተገቢ ነው።

ሐሙስ

ማኅሌት ቃሏን ልትሰጥ ጣቢያ ገባች። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አያ ወርቁ መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። ክንዴን አዩ።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ደም አፍስሳችኋል። አሁን ነው እርቅ የሚያምረው፣ ይልማ።»

ተነስቼ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ጥዬ ተነሳሁ። ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ፤ አልዞርሁም።

ሁለት ሰዓት ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ገርጥቷል።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ሁሉንም። ጥርሴን። ጆሮዬን። ክንዴን።»

«ሁለት ጊዜ እንደመለስሁሽስ?»

«እሱንም። ቀኑን ጠየቁኝ፣ ቀኑንም ነገርኋቸው።»

ደግ አደረግሽ ልላት ፈለግሁ።  ባጃጅ ጠራሁ። በመንገድ ሁሉ በመስኮት በኩል ወደ ሐይቁ ታይ ነበር።

ጌትነት ዋስትና ይፈቀድለት አይፈቀድለት ነገ ፍርድ ቤት ይታወቃል። ከወጣ ቤታችንን ያውቀዋል። አበባ ወረታ ወዳሉት ዘመዶቿ ትላክ ትላለች። ማኅሌት የትም አልሄድም ብላለች። እኔ አልተጠየቅሁም፣ አስተያየትም አልሰጠሁም።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ማኅሌት ከምሳ በኋላ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ከመጣች ጀምሮ የመኝታ ቤቷን በር ከውስጥ እየቆለፈች ነበር የምትተኛ። ዛሬ አልቆለፈችውም። በኮሪደሩ ሳልፍ ገርበብ ብሎ አየሁት፤ ትተነፍሳለች። ረስታው ይሁን አውቃ አላውቅም። ድምፅ እንዳይኖር ጫማዬን አውልቄ ነው የምሄድ።