መሸኛ የማይጠየቅበት ግቢ

እማዬ፣

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ሆነ። በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ስንቱን ደብዳቤ «በጌታ የተወደዳችሁ» ብዬ ጀምሬያለሁ፤ ላንቺ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ይበቃል።

ቤቱ ደህና ነው። አቮካዶሽ አጥሩን አልፎ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ዘንበል ብሏል። እሳቸውም ፍሬውን ለቅመው ግማሹን ይልኩልናል፤ ግማሹን «ይሄ የድንበር ነው» ብለው ያስቀሩታል። ሰበታ ውሃ የሚመጣው አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ነው። በርሜሉን የምሞላው እኔ ነኝ። ዘነበች ድናለች፤ መድኃኒቷን ጨርሳ ወደ ክር ፋብሪካው ተመልሳለች። የምትተኛው ባንቺ ክፍል ነው። እዚያ እንድትተኛ ያልኳትም እኔ ነኝ። ይህን ብትሰሚ ትስቂ ነበር። ዘነበችን ከበር የመለስኳት እኔ ነበርኩና።

ያን ቀን አልረሳውም። ከወላይታ ለፋብሪካ ሥራ የመጣች ልጅ፣ ልብሷን በቀይ ፌስታል ይዛ ቢሮዬ ገባች። አባል ልሁን አለችኝ። መሸኛሽስ አልኳት። ከነበረችበት አጥቢያ፣ መጠመቋንና በመልካም ምስክርነት መኖሯን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማለቴ ነው። የላትም። ከቤት የወጣችው በድንገት ነው። «ሥርዓት አለን፣ አምጥተሽ ተመለሽ» አልኳት። አልተቆጣኋትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብዬላታለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ፈገግታ ነው።

ምሳ ላይ ስነግርሽ ጉርሻሽን መልሰሽ አስቀመጥሽ። «ወረቀቱ እስኪመጣ ልጅቷ የት ትቀመጥ?» አልሽኝ። ስሟን ጠየቅሽኝ። ስሟን አልያዝኩም ነበር። በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ ቆመሽ፣ ቀይ ፌስታል የያዘች ልጅ እያልሽ ጠይቀሽ አገኘሻት።

እሑድሽ የተጀመረው እንዲህ ነው። የፋብሪካው ልጆች ከሌሊት ፈረቃ የሚወጡት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ጉባኤው የሚጀምረው በሦስት። በመሃል አንቺ ግቢያችን ውስጥ፣ በርሜሉ አጠገብ ውሃ አሙቀሽ የጥጥ ብናኙን ከፀጉራቸው ታጥቢያለሽ። «አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ፀጉር እኮ አንድ ሙሉ ጋቢ ይወጣል!» ትያለሽ። «ጥለቱንስ ማን ይሠራዋል እናታችን?» ትልሻለች አንዷ፣ ዓይኗን ከሳሙናው ጨፍና። የተቀቀለ ጎደሬ ታቀርቢያለሽ። በወላይትኛ ይዘምራሉ። አንቺ እጅሽ ሳይደርቅ ትጸልዪላቸዋለሽ። መጀመሪያ ላይ እየሮጥሽም ቢሆን ጉባኤው ላይ ትደርሺ ነበር። ዘነበች ሳንባዋን ታማ አብረዋት የተከራዩት ልጆች ዕቃዋን ደጅ ሲያወጡባት ግን ቤታችን አመጣሻት። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ወንበርሽ ባዶ ሆነ።

እኔ ከመዘምራን መድረክ ላይ ሆኜ ያን ወንበር አየው ነበር። አፈርኩብሽ፣ እማዬ። ይህን በሕይወት ሳለሽ አልነገርኩሽም። በማዕረግ የተመረቅኩ ልጅሽ፣ የአጥቢያው ጸሐፊ፣ እናቷ ግን ከጉባኤ የምትቀር።

ሦስት ወር ለቀሩ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ ተባለ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ «የእናትሽ ነገር ነው፣ ያንን ሌላ ሰው ይጻፈው?» ብሎኝ ነበር። «ሥርዓት ለሁሉም እኩል ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩት። አረምኩት። «ራስዎን ከቅዱሳን ኅብረት ያገለሉ በመሆኑ» የሚለው ሐረግ የኔ ነው፤ ሰብሳቢው ያለው «አልመጡም» ብቻ ነበር።

አንቺ ደግሞ ማንበብ አትችዪም። ወረቀቱ በሰው ሲደርስሽ ይዘሽው መጥተሽ «አንብቢልኝ» አልሽኝ። አነበብኩልሽ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ እጅሽን በቀሚስሽ ጠርገሽ ወረቀቱን ተቀበልሽኝ። «ይሄ 'ራስዎን ያገለሉ' የሚለው ያንቺ አነጋገር ነው» አልሽ። ወደ ዘነበች ሾርባ ተመለስሽ።

ደም ግፊቱ የጣለሽ በአምስተኛው ሳምንት ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ነበርን። ጨው አቀብዪኝ ብዬሻለሁ፣ በሩን ዝጊው ብዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ አላልኩሽም።

የሕይወት ታሪክሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የአገልግሎት ቦታዋ ግቢዋ ውስጥ በርሜሉ አጠገብ ነበር» የሚል መስመር ነበረው። ሰብሳቢው መቃብሩ ላይ ሲያነብ ዘለለው። ሰማሁ። ተነሥቼ መስመሩን ማንበብ ነበረብኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቀረሁ። ሣጥንሽን ከፊት በኩል የተሸከመው ማን እንደሆነ ግን ልንገርሽ፤ የማርያም ጽዋ የሚጠጡት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። «ሀዳ ኬኛ» እያሉ፣ እናታችን እያሉ። ከኋላ ከፈረቃ በቀጥታ የመጡት ልጆች ነበሩ፣ ጥጡ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ። የሚያጥብላቸው ሰው ሣጥኑ ውስጥ ነበር።

ቢሮውን ለቅቄ ቡራዩ ማስተማር ጀመርኩ። እዚያ ያለው አጥቢያ አባል ልሁን ብዬ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ መሸኛሽን አምጪ አለችኝ። ፈገግ አለችልኝ። ፈገግታውን አወቅሁት።

ሰበታ ተመልሼ ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ። ይጻፍልሻል አሉኝ። በመጀመሪያ ግን በእናትሽ ግቢ የሚደረገው ያልተፈቀደ ስብሰባ ስህተት እንደነበረና እንደቆመ በፊርማሽ አረጋግጪ አሉ። ማኅተም ያለበት ባዶ ወረቀት ሰጡኝ። «አጻጻፉን አንቺ ታውቂበታለሽ» አለኝ ሰብሳቢው። አዎ፣ አውቅበታለሁ። አንዴ ጽፌዋለሁ።

ወረቀቱ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። አልዋሽሽም፣ ብዕር አንስቼ አውቃለሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የዘመርኩበትን ጉባኤ አልጠላሁትም። ጌታን ያወቅሁት እዚያ ነው። ሲከተሉት ያየሁት ግን በርሜሉ አጠገብ ነው፣ ያንንም ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ።

እሑድሽን ዘነበች ቀጥላበታለች። ባለፈው እሑድ አንዲት አዲስ ልጅ በሩ ላይ ቆመች። «ወረቀት የለኝም» ብላ ጀመረች፤ ማን ምን እንዳላት እንጃ። ዘነበች ውሃውን ከምድጃው እያወረደች ቀና ብላ አየችኝ። ስምሽ ማነው አልኳት ልጅቷን። አበበች። ነይ አበበች፣ ውሃው ሞቋል አልኳት። እጄ አልለመደም፣ ሳሙናውን ዓይኗ ውስጥ ጨመርኩት። «ኧረ ቀስ፣ እህቴ! ብርድ ልብስ አደረግሽኝ እንዴ?» ስትል ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ።

ሲሄዱ ያን ማኅተም ያለበት ወረቀት አነሣሁና ስማቸውን ጻፍኩበት። ዘነበች ከላይ፣ አበበች ከታች፣ የቀሩት በመካከል። ስም ሳልይዝ ማንንም ከዚህ በር አልመልስም። እንዲያውም አልመልስም። መሸኛ አይጻፍልኝ እንግዲህ።

አሁን ያለኝ ይቅርታ ይሄ ነው፤ ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ሙት ዓመትሽ እሑድ ላይ ይውላል። የዘለሉትን መስመር በርሜሉ አጠገብ ቆሜ፣ ሁሉም እየሰማ አነብልሻለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል።

ሐሙስ ውሃ ይመጣል። በርሜሉን እሞላለሁ።

ልጅሽ