ሦስተኛው ገጽ

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ልጄ አምለሰት፣ ወላዲተ አምላክ ባለሽበት አገር ከለላ ትሁንሽ። እናትሽ ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት። በቡሬ በኩል ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል።

ለአዲሱ ጋብቻሽ እዚያ አገር የጠየቁሽን የፍቺ ውሳኔ ፍለጋ ሦስት ሳምንት ወረዳ ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። መዝገቡ በመጨረሻ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር ተገኘ። የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ወንዳወቅን፣ የድሮ ተማሪዬን፣ «እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?» ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩት። እሱም ሦስተኛውን ገጽ ገለጠና «መምህር፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያኔም ያምር ነበር» አለኝ።

ገጹ ያኔ ፍቺ ስትጠይቂ ጉዳይሽን ያዩት ሽማግሌዎች ቃል ነው። በአንቺ ወገን የተቀመጥኩት እኔ፣ የጻፍኩትም እኔ። «ባሏ ቢመታትም ለፍቺ የሚያበቃ ምክንያት የላትም፤ ወደ ቤቷ ትመለስ» ይላል። ፊርማዬ አለበት። ዳኛው ባይሽሩት ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርሽ።

ማኅተም ያረፈበትን ሙሉ ግልባጭ ልኬልሻለሁ። ያንን ገጽ ላስቀረው ዳድቶኝ ነበር። ለአስተርጓሚ ከመስጠትሽ በፊት አንቺው አንብቢው፤ ከሌላ ሰው አፍ አትስሚው።

እግዚአብሔር ትዳርሽን ይባርክልሽ። ይህኛው እጁን ካነሳብሽ ግን ሽማግሌ አትጠብቂ፤ እኔንም ቢሆን።

ካነበብሽው በኋላ፣ ከቻልሽ፣ ጻፊልኝ።

አባትሽ ዘሩ