ስሙን የረሳ ሰው ስሙን ካልተናገረ አይታከምም ላሉት አስተዳዳሪ

ለክቡር አቶ ፈቃደ ሽባባው
የምሕረት ሆስፒታል አስተዳዳሪ
ቡታጅራ አጠገብ

ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ጤንነትን አጥብቄ የምመኝልዎ፣ የታመመ ሰው እርስዎ በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅና ይህንንም ለጠላቴ እንኳ ስለማልመኝ ነው። እርስዎን ከጠላት ቆጥሬ አይደለም ልል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አገር በሚያነበው ደብዳቤ ላይ ውሸት መጻፍ ነውር ስለሆነ ተውሁት።

ሸረፋ ሸምሶ እባላለሁ፤ በቡታጅራ ገበያ መግቢያ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተሾሙ ወዲህ የሱሪዎን ወገብ ሦስት ጊዜ ያሰፋሁልዎ እኔ ስለሆንሁ፣ ሰው ሁሉ የበሽተኞች ወተት ወዴት እንደሚሄድ ሲጠያየቅ እኔ ዝም እላለሁ።

አባቴ አባባ ሸምሶ ሀቢቡ በእንሴኖና በቡታጅራ ገበያ አርባ ዓመት በርበሬ የነገዱ፣ ደንበኛቸውን ሁሉ እስከ አያቱ በስም የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ከካቻምና ጀምሮ ግን መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ በመጨረሻም የገዛ ስማቸው ጠፋባቸው። እኔን ልጃቸውን እንደ እንግዳ ገዢ ‹ጌታው ይግቡ› ብለው ይቀበሉኛል። ይህን ለማሳከም ወደ እርስዎ ዘንድ ተመላልሰናልና ምስጋናዬን በየተራው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በመጀመሪያው ምልልሳችን፣ በሽተኛ ስሙን በገዛ አንደበቱ ካልተናገረ ካርድ እንዳይወጣለት ያወጡትን ደንብ ጸሐፊዎ አነበበልን። ሕመሙ ራሱ ስም መርሳት ነው ብዬ ባስረዳ፣ ደንብ ደንብ ነው ተባልሁ። አባቴም ብዙ ተጨንቀው፣ ከሞቱ ሃያ ዓመት የሆናቸውን የታላቅ ወንድማቸውን የሰይዶን ስም ተናገሩ፤ ካርዱም በሰይዶ ስም ወጣ። ሙት ለማከም በመብቃታችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

፪ኛ/ በሁለተኛው ምልልሳችን አባቴ የአያታቸውን ስም ጠርተው ሽፋ ነኝ ስላሉ ሌላ ካርድ ወጣ። ለሰይዶ የታዘዘው መድኃኒትም ለሽፋ አይሰጥም ተብሎ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ባለፈው ወር ባቀረቡት ሪፖርት የበሽተኞች ቁጥር ማደጉን ስሰማ ኮርቻለሁ፤ ለዚህ ዕድገት ቤተሰባችን ከመቃብር ሳይቀር ሰው አዋጥቷል።

፫ኛ/ ሦስተኛው ምልልሳችን የመጨረሻው ሆነ። እኔ በወባ ተኝቼ ስለነበር አባቴን የወሰደቻቸው ባለቤቴ ሀጀራ ናት። ያን ዕለት ደግሞ ደግነትዎ በዝቶ፣ አስታማሚዋ ስሙን ትናገር ብለው ደንቡን አሻሻሉ። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ፣ በዚህ አገር ስምንት ዓመት የኖሩት እርስዎ አያውቁም እንዳልል፣ በሠርጋችን ግብዣ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ልማድ ሲያደንቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሀጀራ ልጃቸው ባሌ ነው ብላ ለምና፣ ስሙን ስትጠየቅ ሻሿን ወደ አፏ ሰበሰበች። እርስዎም በአጠገቧ ቆመው ሳቁና ‹ስም የለውም፣ ዘመድ የለውም› ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ። እሷን ዘበኛው ገፍቶ አስወጣት። በፊተኛው በር እስኪመሽ ስትጠብቅ፣ ዘመድ ለሌለው አልጋ የለም ተብሎ አባቴ በጓሮው በር ተሸኝተው ኖሯል። ከነትኩሳቴ ተነሥቼ ስፈልግ፣ በሦስተኛው ቀን እንሴኖ ገበያ ውስጥ በድሮ የበርበሬ ቦታቸው ላይ፣ እግራቸው አብጦና ደምቶ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከመኝታቸው አልተነሡም፤ ውሃ በማንኪያ እናጠጣቸዋለን። ክቡር ሆይ፣ ጠልቼዎታለሁ። ይህን በጨዋ አማርኛ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

፬ኛ/ ለአውራጃው ገዥ ያቀረብሁትን አቤቱታ እንድተው ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ስለላኩብኝ አመሰግናለሁ። በአክብሮት ተቀብዬ በአክብሮት ሸኝቻቸዋለሁ። ይቅርታ የሚጠየቁት አባቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ይቅር ማለትንም ከስማቸው ጋር ረስተውታል፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ተተክቼ አልምርዎትም። የሱሪዎንም ወገብ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያስፋልዎ። ይህ ደብዳቤ በገበያው መግቢያ፣ በመስጊዱ አጥር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል። ማንበብ ለማይችለው እኔ ራሴ ቆሜ አነብለታለሁ፤ ከዚህ አገር እስኪዛወሩ ድረስም በየገበያው ቀን ሳላሰልስ አነባለሁ።

አጎቱንና ቅድመ አያቱን በመዝገብዎ ያስመዘገበ፣ ለአባቱ ግን አንዲት አልጋ ያጣ፣ ስምዎን በየአደባባዩ ለማንሳት ዕድሜ እንዲሰጠው ፈጣሪውን የሚለምን፣

ሸረፋ ሸምሶ
ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለአውራጃው ገዥ ጽሕፈት ቤት
ለሰይዶና ለሽፋ፣ በየመቃብራቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጣጥፌ ሳበቃ፣ ሀጀራ ከገበያ ስትመለስ ቤታቸው የጠፋባቸውን አንዲት እናት እጃቸውን ይዛ ገባች። ፊታቸውን እናውቃለንና፣ እናትዎ እመት ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ሕመማቸውን እርስዎ ደብቀውት ኖሯል ወይስ አላስተዋሉም አላውቅም፤ ሕመሙ ግን የአባቴ ሕመም ነው። ሀጀራ እግራቸውን አጥባ፣ ጾም መሆኑን አስባ ሽሮ በዘይት ሠርታ አብልታቸዋለች፤ አሁን ከአባቴ መኝታ አጠገብ ተቀምጠው ሁለቱም ይሳሳቃሉ። መጥተው ይውሰዷቸው። ስማቸውን አልጠየቅናቸውም። ልጃቸው ማን እንደሆነ ግን ጠይቀናቸው፣ ልጅ የለኝም ብለውናል፤ እኛም በደንብዎ መሠረት እንደዚያው ጽፈናል።