ሞተሩ ሲጠፋ የጠራሁት ስም

ውድ ጣውንቴ ሳፊያ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጣውንት ለጣውንቷ «ውድ» ብላ ስትጽፍ ያየ ሰው ይስቅ ይሆናል። አንቺ ግን እንደማትስቂ አውቃለሁ።

ዘይኑልአቢዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት ሳለ እኔን ኮምቦልቻ፣ አንቺን ደሴ አስቀምጦ ሳንተያይ አኖረን። እኔ ቤት ስምሽ አይነሳም ነበር። አንቺም የእኔን በደግ አታነሺውም ነበር አሉ። ያገናኘን ሞቱ ነው። ሎጎ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግርበት ጀልባና ያ አሮጌ ሞተር ለሁለታችን ደረሱን። ሰው ሁሉ «ተጣልተው ይሸጡታል» ሲል፣ እኔ ከኋላ መሪውን ይዤ፣ አንቺ ከቤንዚኑ ታንክ አጠገብ ተቀምጠሽ ሥራ ጀመርን። ብዙ አናወራም ነበር። ምሳችንን ግን ከአንድ ሳህን በላን።

ከዚያ ወንድሞችሽ መጥተው ኩታበር ዳሩሽ። በኒካሕሽ ዕለት መርቄሽ ተመለስኩ፤ ክረምቱንም ጀልባውን አስሬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አወጣሁት። ጋሽ አግማስ የሚባሉ ገበሬ እህታቸው ማዶ ሞታባቸው ለቀብሯ ለመድረስ ቸኩለው ነበር። ሞተሩ ገመዱን አንዴ ስስበው ተነሳ፤ ደስ አለኝ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ግን እንደ ሰው ሳል ሳል አለው፣ ድምፁ ሰለለ፣ ጸጥ አለ።

ገመዱን ብስብ፣ ብስብ፣ እምቢ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ በሻሼ ጫፍ ጠርጌ መለስኩት፤ እምቢ። ቤንዚን እንዳለ አለ፤ ታንኩን ስነቀንቀው ይሰማኛል። ነፋሱ ወደ ደንገሉ ይገፋን ጀመር። ከማዶ የለቅሶው ጩኸት ይመጣል፤ ጋሽ አግማስ ቆመው ወደዚያ ያያሉ። ገመዱን እንደገና ስይዝ ሳላስበው፣ «ሳፊያ፣ ፓምፑን ጭመቂው!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ አግማስ ዞር አሉ። «ሳፊያ ማን ናት፣ ልጄ?»

«ጣውንቴ ናት።»

«በጭንቅ ሰዓት የምትጠሪው ጣውንትሽን ነው እንዴ?»

እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም መጥተው አንቺ ቦታ ተቀመጡና ቤንዚን የሚስበውን የላስቲክ ፓምፕ ጨመቁት።

«ይኼማ ተጣብቆ ቀርቷል፣ አይነፋም» አሉኝ።

ታንኩን ባየው ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ ሳደርጋት እፍስ ብላ አየር ሳበች። ለካ እሷ ካልተከፈተች ቤንዚኑ አይወጣም! ፓምፑ ነፋ፤ ገመዱን ሳብኩ፤ ሞተሩ ተነሳ። ቀብሩ ሳያልቅ አደረስኳቸው።

ሳፊያ፣ እኔ ያቺ ብሎን መኖሯንም አላውቅም ነበር። ስንነሳ የምትከፍቻት፣ ስንመለስ የምትዘጊያት አንቺ ነበርሽ፤ አንድም ቀን አልነገርሽኝም። ባዶ ጀልባ ይዤ ስመለስ ሐይቁ እንደዚያ ሰፍቶብኝ አያውቅም። ለባሌ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ተነስቼ ኩታበር መጣሁ። «ባልሽን አስፈቅጂና በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ነይልኝ» ልልሽ ነበር። ገበያ ውስጥ አየሁሽ። ሽንኩርት ትመርጫለሽ፤ ባልሽ የሆነ ነገር ይልሻል፤ ትስቂያለሽ። ሆድሽ ገፍቷል። በእኔም በአንቺም ቤት ያልታየውን ነገር አላህ አሁን ሰጠሽ። እህል ነጋዴዎቹ ጀርባ ቆሜ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ሳልጠራሽ መኪና ተሳፈርኩ። ደሴ እስክደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ነይልኝ አልልሽም። እናትሽ በሕይወት የሉም፤ እህትም የለሽም። መውለጃሽ ሲቃረብ ላኪብኝ፤ እኔ መጥቼ አርስሻለሁ። ገንፎሽን አገነፋለሁ፣ ልጅሽን አጥባለሁ፣ አንቺ ትተኛለሽ። ጣውንት ጣውንቷን ስታርስ የት ታየ ይሉ ይሆናል። ይበሉ። አንቺ ብቻ እሺ በይኝ።

መዲና
ከኮምቦልቻ