አውራ ጣቴን ያሳረፍኩበት ወረቀት

መርሳ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ፀሐይ ነው። ከማሽላው ማሳ የሚመጣው ነፋስ የሱቄን በር ያንኳኳል። ያለሁት ብቻዬን ነው። ባልሽ ዓሪፍ አሁን ወጥቶ ሄደ።

ውድ ኢብቲሳም፣

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በዚህ ሰዓት ከከብት ክትባት ስትመለሺ፣ ሞተሩን ሳታጠፊ ከበር ትጠሪኝ ነበር።

«አለሚቱ! ቆልፊና ውጪ!»

«የት ልንሄድ?»

«እሱን ሞተሩ ያውቃል!»

ደንበኛ ቆሞ እንኳ ቆልፌ እወጣለሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ከኋላሽ ስቀመጥ ሰፈሩ ይስቅብናል። «ሁለት ባልቴት በአንድ ሞተር!» ሲሉን አንቺ ጡሩምባ ትነፊባቸዋለሽ። አንድ ቀን ወደ ውርጌሳ፣ አንድ ቀን ከሲሪንቃ ወደ ውስጥ በሚገባው የጠጠር መንገድ እንሄዳለን። ፓፓያ ካገኘን መንገድ ዳር ቁጭ ብለን እንበላለን።

ፊደል የለየሁት ስኳር ከምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ መሆኑን ያወቅሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ለዚህ ነው መንገድ ላይ ያገኘሽውን ሰሌዳ ሁሉ የምታስነብቢኝ። «አንብቢ! ካላነበብሽ እዚሁ አወርድሻለሁ፣ ወላሂ!» ነፋሱን ለመብለጥ እየጮህኩ አነብልሽ ነበር። በሕይወቴ ጮኼ የማውቀው ካንቺ ጀርባ ሆኜ ብቻ ነው።

ዛሬ ዓሪፍ እንደነገረኝ መሥሪያ ቤትሽ ያቋቋመው ኮሚቴ ነገ ጠዋት ተሰብስቦ ከሥራ ሊያሰናብትሽ ነው። «የመሥሪያ ቤቱን ሞተር በፍጥነት ስታሽከረክር ነው የወደቀችው ተብሏል። አንቺ አብረሻት ሆነሽ እንዴት ቀስ በይ አትያትም?» አለኝ። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ለፖሊስ የሰጠሽውን ቃል ሆስፒታል ሄጄ ሳነብላት ወረቀቱን ተቀብላ አየችና ‹አለሚቱ ካለች እንደዚያ ነው› አለች» አለኝ።

ብትረግሚኝ ይሻለኝ ነበር።

የወደቅሽ የተባለበት ቀን፣ የአስር ሶላት ልትሰግጂ ከመንገዱ በታች ወዳለው ወንዝ ስትወርጂ ቁልፉ ሞተሩ ላይ ነበር። ከኋላ ሆኜ እጅና እግርሽን ስንት ወር አይቻለሁ። እስክትመለሺ እሞክረው ብዬ ወጣሁበት። አንቺ ሰግደሽ ጨርሰሽ ዳገቱን ስትወጪ አየሽኝና ሳቅሽ። «ማሻአላህ! አለሚቱ ነጂ ሆነች!» ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቅኩት። ቁልቁል ይዞኝ ወረደ። «ፍሬን! ፍሬን ያዢ!» እያልሽ ልትይዢኝ ወደ እኔ ሮጥሽ። እኔ የያዝኩት ፍሬን አልነበረም። ነዳጅ መስጫውን ነበር። ሞተሩ መታሽ፤ አጥንትሽ ሲሰበር ሰማሁት። እኔን መሬቱ እንኳ አልጫረኝም።

ራስሽን ስተሽ ወደ ወልድያ ሲወስዱሽ ትራፊክ ፖሊሱ እኔን አስቀመጠኝ። «እሷ ስትነዳ ነው አይደል?» አለኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ እስር ቤት ታየኝ። አዎ አልኩ። «በፍጥነት ነበር?» አዎ አልኩ። «መፈረም ትችያለሽ?» «አልችልም።» ማንበብ እንደማታውቅ ሴት ቁጭ ብዬ አስነበብኩት። ኢብቲሳም፣ እሱ አንብቦ ሳይጨርስ እኔ ከእጁ ላይ አንብቤ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ቀለሙን ነክሬ አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ወልድያ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ከሆስፒታሉ በር ተመልሻለሁ። ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን እህል እምቢ ብሎኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የማንም ሞተር ባለፈ ቁጥር የሱቁን ቁልፍ ይዤ እነሣለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። ነገ ምን እንደማደርግም አላውቅም። እግሬን አላምነውም። ይህን ደብዳቤ ግን ሳልጨርስ አላጥፈውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12።
በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ሱቁን አልከፈትኩም። ሰው ነጭ ለብሶ ወደ ሚካኤል ሲወጣ እኔ ቁልቁል ወረድኩ። በአንድ ሰዓት ተኩል ትራፊክ ፖሊሱን ቢሮው አገኘሁት።

«ቃሌ ውሸት ነው። ሞተሩን የነዳሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም። ወረቀት ስጠኝ፣ ልጻፈው።»

«አልችልም አላልሽኝም?»

«እሱም ውሸት ነው።»

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። አንድ ገጽ ከግማሽ ጻፍኩ። ሲያነበው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። «ይህ እንደሚያሳስርሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ኮሚቴው ዛሬ ጠዋት እንደሚሰበሰብ ስነግረው ግልባጩን ራሱ ይዞ ወደዚያ ሄደ። እኔን «ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ብሎኛል።

አሁን ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። አግዳሚው ላይ ነኝ። ዓሪፍን አስጠርቼው መጥቷል፤ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፊቱን አዞረብኝ። ይህን ደብዳቤ ሊወስድልሽ ግን እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ኮሚቴው ገና ከስብሰባ አልወጣም። ስሜን ጽፌ እሰጠዋለሁ።

አለሚቱ ወልዴ
(በእጄ የፈረምኩት)