የእማ ኩራዝ በከዋክብቱ ሥር

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድምዓለሜ በድሩ። እንዴት ነህ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ያ ሳልህስ ተወህ ወይ? መኝታህስ፣ ምግብህስ? እኛ አልሃምዱሊላህ አለን፤ ማሽላውም ከወፍ ተርፎ ገብቷል። ይህን ደብዳቤ በጨው ነጋዴዎች በኩል የላክሁት ለጓደኛህ ለአብዱልሀኪም ነው። እሱ ቀድሞ አንብቦ፣ ያገር ልጆችን ሰብስቦ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። እንግዲህ ስታነበው ሰው ከቦሃል። ለምን እንደሆነም ገብቶሃል።

እማ ወደ አኼራ ሄደች፣ ወንድሜ። ታኅሣሥ እንደገባ ንዳዱ ተነሳባት፤ ብዙም አላስታመምናት። ከአባባ ጎን አሳርፈናታል። ባለቤቴ አሊዪ ባንተ ፈንታ ልጅ ሆኖ ነው የቀበራት። አልቅስ፣ አልከለክልህም፤ ግን ጨርሰህ አንብበኝ፣ የላክሁልህ ነገር አለ።

«የእማን ፎቶ ላኩልኝ፣ መልኳ እየጠፋብኝ ነው» ብለህ ጽፈህ አልነበር? ያን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ፎቶ አንሺ ከየት ይምጣ ስንል፣ ከጣሊያን መንገድ ሠሪዎች ጋር አንድ አርመን መጣ፤ ሙሴ ሃጎፕ ይሉታል። እማ ግን በቀን ፊቱ አልቆምም አለች። «ሸፍቶ የተሰደደው የበድሩ እናት ይቺ ናት ብለው ቤታችንን ሊያቃጥሉት ነው? መልኬን ጣሊያን እጅ አላስገባም!» ብንለምናት፣ ብንለምናት፣ በጄ አላለችም።

ኅዳር ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሰሞን፣ ሰውየው ማሽላ ከምንጠብቅበት ማማ ዘንድ ልደር ብሎ ጠየቀን። ካሜራውን ማማው ላይ አስሮ፣ ወደ ቤታችን አዙሮ፣ ዓይኑን እንደከፈተ ሊያሳድረው ነው፤ ኮከቦቹ ሲዞሩ መንገዳቸው አንድ ፎቶ ላይ እንዲሳል። አሊዪ ያው ታውቀዋለህ፣ «ሰማይ ሙሽራ ሆነች እንዴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ የምትነሳው?» ብሎ አሳቀን። ሙሴ ሃጎፕ ግን እስኪነጋ እሳት እንዳትለኩሱ፣ ብርሃን ያበላሽብኛል ብሎ አጥብቆ ነገረንና ከማማው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

እማ ይህን ሁሉ ስትሰማ ነበር። ለካ የራሷን ሐሳብ ይዛለች! ካሜራው እስኪነጋ የሚያይ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ እኔን ያየኛል፣ ፈረንጆቹም አያውቁ ብላ ኖሯል። ሁላችንም ስንተኛ የኢድ ሻሿን አስራ፣ ኩራዟን ለኩሳ ወጣች። ጠዋት ጓዳ ጠርታ «ለልጄ ታየሁለት፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ደስታዋን ብታየው! እኔም ምን አውቄ፣ አብሬያት ሳቅሁ።

ፎቶው የመጣው ከቀበርናት በኋላ ነው። ሙሴ ሃጎፕ ራሱ ይዞት መጣ፤ ኩራዝ ይዞ የዞረው ማነው ብሎ ሊቆጣ ኖሮ፣ ለቅሶ ላይ መሆናችንን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ነገሩን ስነግረው ቁጣውን ተወ። ኋላ፣ በጨለማ የሚሄድ ሰው መልኩ አይወጣም፣ የሚቀረው የያዘው ብርሃን ብቻ ነው አለኝ። ፎቶውንም ትቶልን ሄደ።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ከላይ ኮከቦቹ እንደ ሰፌድ ስፌት ዙሪያ በዙሪያ ሆነዋል። ከታች ደጃፋችን ነው። መልኳን አትፈልግ፣ የለም፤ እኔም ፈልጌ ፈልጌ አጥቻታለሁ። ከደጃፉ የሚነሳ አንድ ነጭ ክር አለ፤ በጣትህ ተከተለው። ካሜራው ወዳለበት ማማ ሲቀርብ ይወፍራል። እዚያ ነው ቆማ የቆየችው፣ በደንብ እንድታያት ብላ።

አሊዪ በርታ፣ ወንድ ሁን ይልሃል። ልጄ ሳፊያ እጅህን ትስማለች፤ ቁመቷ እኔን አክሏል። በለቅሶው ያልተለየችን ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬም ሰላም ትልሃለች። የእማን ሰላምታ ግን እኔ ልጽፍልህ አልችልም፤ ራሷ ይዛልህ ወጥታለችና ከዚያ ከክሩ ላይ ተቀበላት።

እህትህ ራህመት
ቀወት፣ ሮቢት አጠገብ
ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.